የ1979ኙ ዋንጫ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ኢንዲያና ፔሰርስን በ7ኛው ጨዋታ 103 ለ 91 አሸንፎ የኤንቢኤ ዋንጫ ሲያነሳ አንድ ጥያቄም አብሮ ተነሳ። ይሄ ለክለቡ ስንተኛው ነው?

በሊጉ መዝገብ 2ኛው ነው። የመጀመሪያውን ግን ኦክላሆማ አላየችውም። በ1979 ያሸነፈው ሲያትል ሱፐርሶኒክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1967 የተመሠረተውን ሶኒክስ የስታርባክሱ ሃዋርድ ሹልትዝ በ2006 በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኦክላሆማ ባለሀብቶች ሸጠው። አዲሶቹ ባለቤቶች "አዲስ አዳራሽ ይሠራልን" አሉ፤ የሕዝብ ገንዘብ አልተገኘም። ከተማዋ "ውላችሁ እስከ 2010 ነው" ብላ ከሰሰች፤ በ2008 ግን በ45 ሚሊዮን ዶላር ታረቀች። ክለቡ ኬቨን ዱራንትን ይዞ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ስሙና አረንጓዴና ቢጫ ቀለሙ ሲያትል ቀሩ።

እኛ የምንለው፦ የኦክላሆማ ደጋፊ ጥፋት የለበትም፤ 17 ዓመት ጠብቆ ያገኘው ዋንጫ የራሱ ነው። የ1979ኙ ግን የሲያትል ነው። የክለብ ፈቃድ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ጨዋታ ያየ ሰው ትዝታ ግን በውል አይዛወርም። ሊጉ ቡድን ስለመጨመር ባወራ ቁጥር የሲያትል ስም ቀድሞ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ሲያትል ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?