የድምፅ ብዛትና የነገር ክብደት



በቅርብ ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንድ ዓይነት ሐሳብ ያዘሉት በርከት ብለዋል። የዓመቱን ተወዳጅ ሙንሺድ፣ ተወዳጅ ቃሪእና ተወዳጅ ጸሐፊ አንባቢዎች በስልክ በሚልኩት ድምፅ ለምን አታስመርጡም የሚሉ ናቸው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ለመሆኑ ጥርጥር የለንም። ይሁን እንጂ ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ ውድድሩ ገና ሳይታሰብ የሚወዱትን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ሌላውን በስም እየጠሩ የሚያንኳስሱ ሆነው አግኝተናቸዋል። ስለዚህ አዎ ወይም አይሆንም ብለን ከመመለሳችን በፊት፣ ድምፅ ሲቆጠር በእርግጥ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ከእናንተ ጋር ብንመረምር የተሻለ ይሆናል። ለዚህም በመላው ዓለም የታወቀ አንድ ውድድር ምሳሌ ይሁነን።

በርናርድ ቬበር የተባሉ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የፊልም ሰው «አዲሶቹን ሰባት የዓለም ድንቆች» በሕዝብ ድምፅ ለማስመረጥ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎች የለዩዋቸው 21 እጩዎች ለሕዝብ ቀረቡ። ከእነዚህም ውስጥ የዮርዳኖሷ ፔትራ፣ የሕንዱ ታጅ ማሐል፣ የስፔኑ አልሐምራ፣ የኢስታንቡሉ አያ ሶፊያና የማሊዋ ቲምቡክቱ ይገኙ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2007፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን 1999፣ በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ተነገረ። አሸናፊዎቹም የቻይና ታላቁ ግንብ፣ ፔትራ፣ በብራዚል የሚገኘው የክርስቶስ ሐውልት፣ የፔሩዋ ማቹ ፒክቹ፣ የሜክሲኮዋ ቺቼን ኢትዛ፣ የሮማው ኮሎሲየምና ታጅ ማሐል ሆኑ። አዘጋጆቹ 100 ሚሊዮን ያህል ድምፅ መሰብሰቡን ገለጹ።

መቶ ሚሊዮን! ቁጥሩ በእርግጥ ያስደነግጣል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ? አንድ ሰው በስልክና በአጭር መልእክት የፈለገውን ያህል ጊዜ ደጋግሞ መምረጥ ይችል ነበር። በዮርዳኖስ ንግሥት ራኒያ ሳይቀሩ ሕዝቡ ለፔትራ ድምፅ እንዲሰጥ ቀሰቀሱ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ 7 ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ ከዮርዳኖስ የተሰጠው ድምፅ ግን አዘጋጆቹ እንዳሉት ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር ሁለት ሁለት ጊዜ መረጠ እንደማለት ነው። በብራዚልም የስልክ ኩባንያዎች ለሐውልታቸው የሚደወለውን ስልክና የሚላከውን መልእክት በነፃ አደረጉት።

በመንግሥታቱ ድርጅት ሥር ያለው ዩኔስኮ ውጤቱ ከመነገሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከዚህ ምርጫ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አስታወቀ። የምርጫው ውጤት የግል ሥራ ፍሬ እንደሆነና ኢንተርኔት ማግኘት የቻሉ ሰዎችን አስተያየት ብቻ እንደሚያንጸባርቅ አስረዳ። ግብፆችም ከጥንቶቹ ሰባት ድንቆች እስካሁን ቆሞ የሚገኘው የጊዛው ፒራሚድ እንዴት ከሌላው ጋር ለውድድር ይቀርባል ብለው ተቆጡ። በመጨረሻም አዘጋጆቹ ፒራሚዱን ከውድድሩ አውጥተው የክብር ቦታ ሰጡት።

እዚህ ላይ ዮርዳኖሳውያንን ለመውቀስ አይደለም። የአገርን ቅርስ መውደድ የሚያስመሰግን ነው፤ ናባታውያን ከዐለት ፈልፍለው የሠሯት ፔትራም ማንም ባይመርጣት የምታስደንቅ ናት። ነገሩ ወዲህ ነው። የተጠየቀው ጥያቄ «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነበር። የተመለሰው ግን «ብዙ ስልክ የደወለው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየቅል ናቸው።

ድምፅ ያነሳትን ቲምቡክቱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊ ኢንተርኔት የሚያገኘው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ከሰባቱ ውስጥ ሳትገባ በመቅረቷ የቲምቡክቱ ክብር ቀነሰን? ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ታጣቂዎች ከተማዋን ይዘው የቀደምት ደጋግ ሰዎችን መካነ መቃብር ማፍረስ ጀመሩ። ያን ጊዜ ለከተማዋ የደረሰላት የድምፅ ብዛት አልነበረም። በየቤቱ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችን ከአባት ከአያት ተረክበው ያቆዩ ቤተሰቦችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጽሑፎቹን በብረት ሣጥን እያሸጉ፣ በመኪናና በጀልባ ደብቀው ወደ ባማኮ አሸሿቸው። ከአራት ሺህ በላይ ጽሑፎች እንደጠፉ ቢነገርም አብዛኛው ተረፈ። የፈረሱትን መካነ መቃብሮችም የከተማዋ ግንበኞች በዩኔስኮ ድጋፍ እስከ 2015 ድረስ መልሰው ገነቧቸው። በ2016 ደግሞ በማፍረሱ ሥራ ተሳታፊ የነበረ አንድ ሰው በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቲምቡክቱን ያቆያት የጥቂት ሰዎች ዕውቀትና ድካም ነው። እነዚያ ሰዎች ማን ስንት ድምፅ አገኘ ብለው አልጠየቁም።

የአገራችንንም ምሳሌ እንጨምር። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የደወለላት ሰው አልነበረም። ባለሙያዎች በግንቡ ውስጥ ያሉትን 82 መስጊዶች፣ ከመቶ በላይ የሆኑትን አድባራትና የሐረሪ ቤት አሠራር በታወቀ መመዘኛ መርምረው ነው ለውሳኔ ያቀረቡት። እዚያም ቢሆን ስህተትና የፖለቲካ ተጽዕኖ ፈጽሞ የለም አንልም። ልዩነቱ ግን «ለምን ተመረጠች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት መኖሩ ነው። ምክንያት ካለ መከራከር ይቻላል። ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን የተሸነፈው ያኮርፋል፣ ያሸነፈው ይፎክራል፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለም።

ቁጥሩ ራሱ ሐቀኛ ላይሆን እንደሚችልም መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በዓለም ላይ ተደማጭነት ያላቸውን ሰዎች በኢንተርኔት አስመርጦ ነበር። ቀልደኛ ወጣቶች ድምፅ የሚያባዛ ፕሮግራም ሠርተው ለራሳቸው መሰባሰቢያ መሥራች አንደኛነቱን አሸከሙት። በዚህም ሳይበቃቸው የመጀመሪያዎቹ 21 ስሞች ፊደል ከላይ ወደ ታች ሲነበብ እነርሱ የፈለጉትን ቃላት እንዲሰጥ አድርገው ደረደሯቸው። ያን ያህል ስም ያለው መጽሔት ሊጠብቀው ያልቻለውን ቆጠራ በእኛ አቅም እንጠብቀዋለን ብንል ማን ያምነናል?

የገንዘቡም ነገር አለ። ከሰባቱ ድንቆች ምርጫ በኋላ እነዚያው አዘጋጆች የተፈጥሮ ድንቆችን ውድድር ከፈቱ። የማልዲቭስ መንግሥት በመጀመሪያ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ያልጠበቀው ከፍተኛ ወጪ ተጠየቀና በ2011 ራሱን ከውድድሩ አገለለ። በአገራችንም ቢሆን በአጭር መልእክት ድምፅ ስጡ ሲባል ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተራው መልእክት ይበልጣል። ልጆቻችን አንደኛውን ለማስበለጥ ሲረባረቡ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ የሚወዱት ሰው እጅ ላይደርስ ይችላል። ፉክክሩ በተጋጋለ ቁጥር ግን የሚያተርፍ አይጠፋም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድንጋይና ስለ ግንብ ነው። ድንጋይ ሲሰደብ አይሰማም። ሙንሺድ፣ ቃሪእና ጸሐፊ ግን ሰዎች ናቸው። ገና በሃያ ዓመቱ የሚጽፍ ወጣት በሺዎች ፊት «መጨረሻ ወጣ» ሲባል ብዕሩን ሊያስቀምጥ ይችላል። አንደኛ የወጣውም ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ሥራው መሆኑ ቀርቶ ስለ ደጋፊው ብዛት ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ወንድምና እህት፣ በአንድ መድረሳ የሚማሩ ጓደኛሞች የማያውቁትን ሰው ለማስመረጥ ሲሉ የሚያውቁትን ሰው ያስቀይማሉ። ይህ ገና ውድድር ሳይኖር በደብዳቤዎቹ መታየት ጀምሯል።

ታዲያ ውድድር ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። በቁርአን ሒፍዝ ውድድር ላይ ዳኛው የሚያዳምጠው የታወቀ ሕግ ይዞ ነው። የተዘለለው ቃል፣ የተሳተው መድ፣ ያለ ቦታው የተደረገው ዋቅፍ ይቆጠራል። የተሸነፈው ልጅ ምኑን ማስተካከል እንዳለበት አውቆ ወደ ኡስታዙ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ፉክክር ሰው ይገነባል። የሕዝብ አስተያየትም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ሰዎች የትኛውን ጽሑፍ እንደሚያነቡና የትኛውን እንደሚዘሉ ማወቅ ለእኛ ለአዘጋጆች ትልቅ ጥቅም ነው። ስህተቱ የሚመጣው የተወዳጅነት ቁጥር የብቃት ሚዛን ሆኖ ሲቀርብ ነው። ድምፅ መስጠትም ቢሆን በሰው ጉዳይ ላይ ሲሆን ከምስክርነት ይቆጠራል። አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ አሥር ጊዜ ቢመሰክር አሥር ምስክር አይሆንም።

ስለሆነም ለጥያቄው ያለን መልስ ይህ ነው። የተወዳጆች ምርጫ አንከፍትም። በምትኩ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህ ዓምድ ሥር «የጠቀመኝ ሥራ» የሚል ቦታ እንመድባለን። አንባቢያን አንድ ነሺዳ፣ አንድ ጽሑፍ ወይም አንድ ትምህርት መርጠው ምን እንዳስተማራቸውና በኑሯቸው ምን እንደለወጠ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ይላኩልን። ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ቃል ያለበትን አናትምም። ስለ አንድ ሰው መቶ ደብዳቤ ቢደርሰን፣ ስለ ሌላውም አንድ ብቻ ቢሆን፣ የምናትመው የተሻለ ምክንያት የያዘውን ነው። በየገጠሩ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ያስቀሩ፣ ስልክ የሚደውልላቸው ደጋፊ የሌላቸው ሸኾችም በዚህ ቦታ ያገኛሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ድምፅ ለመስጠት የካርድ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «ለምን መረጥከው? ለምን መረጥሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ ምክንያት ከሰጠ ደግ ነው፤ ያንኑ ምክንያት በወረቀት አስፍሮ ይላክልን። ምክንያት ካጣ ደግሞ ገንዘቡም ጊዜውም ተረፈ ማለት ነው።

እናንተም ወጣቶች፣ የምትወዱትን ሰው ውደዱ። ነገር ግን ለእርሱ ያላችሁን ፍቅር በሌላው ስድብ አትለኩት። ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን። ወሰላም።