«ሰው አለው»

በዩኒቨርሲቲያችን የስፖርት አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ በሚሰጠው የኤሮቢክስ ትምህርት ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ቃል የአሠልጣኙ ቆጠራ አይደለም፤ «ሰው አለው» የሚለው ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ወደ አዳራሹ የገባ ሰው በፊተኛው ረድፍ የሚያገኘው ተማሪ ሳይሆን ዕቃ ነው፤ እዚህ ፎጣ፣ እዚያ ሹራብ፣ ወዲያ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ ውሃ። የዕቃዎቹ ባለቤቶች ሻይ ቤት ናቸው፤ ወይም ገና ከመኝታ ክፍላቸው አልወጡም። አንድ አዲስ ተማሪ በዚያ ለመቆም ቢሞክር፣ በአጠገቡ ያለው «ሰው አለው» ይለዋል። ሰው ግን የለውም።

«አገር ስንት ችግር ተሸክማ ሳለ ስለ ፎጣ መጻፍ ምን ይባላል?» የሚሉን አይጠፉም። መልሳችን አጭር ነው፤ ጉዳዩ የፎጣው ሳይሆን በፎጣው ምክንያት ተመልሶ የሚሄደው ተማሪ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ አዳራሹን የሚሞላው አዲስ ተማሪ ነው፤ ወር ሳይሞላ ግን የሚቀሩት የምናውቃቸው ፊቶች ብቻ ናቸው። ይህን በስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው። ትተው ከቀሩት ጥቂቶቹን ብንጠይቃቸው የነገሩን ሌላ ነው፤ ከምሰሶው ኋላ ሆኖ አሠልጣኙን ማየት አይቻልም፣ ወደ ፊት ሲጠጉ «ሰው አለው» ይባላሉ፣ ሁለተኛ ለመጠየቅ ደግሞ ያፍራሉ።

ኤሮቢክስ በዐይን የሚማሩት ነገር ነው። ሙዚቃው ሲከፈት የአሠልጣኙ ድምፅ ይዋጣል፤ ተማሪው የሚከተለው እጁንና እግሩን እያየ ነው። የማያይ ሰው ሌላው ወደ ቀኝ ሲሄድ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፣ ይሣቅበታል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ያህል ብቻ ናቸው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ከቆላ የመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቢያለከልኩ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሰውነታቸው እስኪለምድ ድረስ ሳይጋፉ ቆም የሚሉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ ግን ከበሩ አጠገብ እናጭቃቸዋለን።

አዳራሹም የቅንጦት ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 50 ደቂቃ የሠራ ተማሪ 150ውን ሞላ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል፣ ለግል ጂም የሚከፍለው ገንዘብም ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። ይህን ዕድል በአንድ ጠርሙስ ውሃ መንጠቅ ተራ ነገር ነው ለማለት አንደፍርም።

የነባሮቹንም ክርክር መስማት ተገቢ ነው። «ቀድመን እንመጣለን፤ እንቅስቃሴውን ስለምናውቅ አዲሶቹ እኛን አይተው ይማራሉ» ይላሉ። ሁለቱም ቃል እውነትነት አለው። ቀድሞ የመጣ ሰው ቦታውን ቢመርጥ ማንም አይከፋም። በከተማችን ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በቦኖ ፊት የተሰለፉትን ጄሪካኖች ሁላችንም አይተናል፤ ጄሪካን ባለቤቷን ወክላ ትሰለፋለች፣ ተራዋም ይከበርላታል። ነገር ግን ውሃው ሲመጣ ባለቤቷ ያልተገኘ ጄሪካን ወደ ጎን ትገፋለች። የአዳራሹ ፎጣ ግን ባለቤቱ ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ እየተንጠባጠበ እስኪመጣ ድረስ ይጠበቃል፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ሳይመጣ ይቀራል፤ ባዶው ቦታ በፊት ረድፍ፣ ሰዎቹ በምሰሶው ኋላ ሆነው ሰዓቱ ያልቃል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጥተው ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን የደነገገው አዋጅ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ወጣ። አዋጁ ስላመጣው ነገር እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ ይሁን እንጂ ያን ሰልፍ በኩራት የማይተርክ ተማሪ ጥቂት ነው። እንዲህ የሚተርከው ተማሪ ማታ ወደ አዳራሽ ገብቶ ሁለት ክንድ የማትሞላ ወለል በፎጣ ርስቱ ሲያደርጋት ማየት ያስቃል፤ ያሳፍራልም።

የእኛ ባሕል ቦታ መልቀቅን እንጂ ቦታ መከልከልን አላስተማረንም። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ የገባውም «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ» ይላል። አክብሮቱ ከሁለቱም ወገን ነው፤ የሚደረገውም ለመጣው ሰው እንጂ ላልመጣው አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው በተካሄዱት የእሑድ ጠዋት የጅምላ ስፖርቶችም ሽማግሌውና ሕፃኑ ጎን ለጎን ቆመው ሲዘሉ ታይተዋል። አስፋልቱ ላይ ፎጣ አንጥፎ «ሰው አለው» ያለ አላየንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴና ለአሠልጣኙ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ዕቃ ቦታ የሚይዘው ባለቤቱ በአዳራሹ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ይሁን፤ ሰውነት ማሟሟቅ ሲጀመር ባለቤት የሌለው ዕቃ በጥንቃቄ ተነሥቶ ከግድግዳው ሥር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሰው ለራሱ እንጂ ለጓደኛው አይያዝ፤ መምህራኖቻችንም ተማሪ አስቀድመው በመላክ ቦታ ባያስይዙ ምሳሌነታቸው ትልቅ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ጎረቤትን የማይነካ ርቀት ይጠበቅ። አራተኛ፣ ዘግይቶ የመጣ በመካከል ሳይሰነጥቅ በዳር በኩል ገብቶ ከኋላ ይቁም፤ ሰውነቱንም አሟሙቆ ይቀላቀል። አምስተኛ፣ ዐይኑ ወይም ጆሮው ደከም ያለ ሰው ከፊት ልቁም ቢል ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይፈቀድለት። ስድስተኛውና ከሁሉ የሚቀለው፣ አሠልጣኙ በሰዓቱ አጋማሽ ወደ አዳራሹ ሌላ ጫፍ ይሻገር፤ ተማሪው ፊቱን ሲያዞር የኋላው የፊት፣ የፊቱም የኋላ ይሆናል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የፊተኛውን ረድፍ ጥቅም ግን ለሁለት ያካፍለዋል።

ነባሮቹም በዚህ የሚያጡት የለም። እንቅስቃሴውን የሚያውቅ ሰው ከየትም ሆኖ ይሠራዋል፤ በአዲሶቹ መካከል ቢቆም ደግሞ አይተውት ይማራሉ ያለው ቃሉ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ኮሚቴው የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይህን ደንብ ጽፎ በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጥፈው እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ግን ደንብ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ፎጣችንን አንሥተን ለቆመው ሰው ቦታ መስጠት ዛሬ ማታ የምንችለው ነው። መሬት ለአራሹ ካልን፣ ወለሉም ለሚሠራበት ይሁን።