ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ስለሚጻፍ ወረቀት

ሰው ለትምህርት ወይም ለሥራ፣ ወይም ቀድሞት ከሄደው ዘመዱ ጋር ለመኖር ከአገሩ ሲነሣ፣ ከስንቁ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ከመንገደኛ የይለፍ ወረቀት አይጠይቁም ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ዓመት የመንግሥታት ማኅበር በፓሪስ ባደረገው ጉባኤ የፓስፖርት መልክ በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዲኾን ተመከረ፤ ከዚያም ወዲህ ሰውየው ራሱ ቆሞ ከሚናገረው ይልቅ ወረቀቱ የሚናገረው ይታመናል። ይህ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው እያሉ ቢከራከሩበት ጥቅም የለውም። የቆንስሉ ጸሐፊ በፊቱ የቆመውን ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው የተዘረጋለትን ጽሑፍና ማኅተሙን ነው።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሌላ አገር ሊኖር ቪዛ የሚለምን ሰው የሚያቀርበው ወረቀት የታወቀ ነው። የልደት ምስክር፣ ባለትዳርም እንደ ኾነ የጋብቻ ምስክር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ መኾኑን የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀት ይጠየቃል፤ እነዚህም በአማርኛ የተጻፉ ሲኾኑ ይተረጐማሉ፤ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ማኅተም ይታተምባቸዋል። መንገዱ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ችግር ከመንገዱ አይደለም። የሚከተለው ማኅተም ሁሉ የሚያረጋግጠው የፊተኛውን ጸሐፊ ፊርማ እንጂ የጻፈው ነገር እውነት መኾኑን አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የገባው ስሕተት በማኅተም ላይ ማኅተም ደርቦ እስከ ኤምባሲው በር ይደርሳል፤ በዚያም ይያዛል፤ ፍዳውንም የሚቀበለው ጸሐፊው ሳይኾን ባለጉዳዩ ነው።

የልደት መዝገብ በኢትዮጵያ ዘግይቶ የመጣ ነገር መኾኑን ማሰብ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ጋብቻ ሞትም በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በቍጥር 3361 ይህ ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ እንዲቆይ አደረገው፤ ከ50 ዓመት በላይም እንደ ቆየ ቀረ። ኋላ በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ታወጀ፤ በአገሪቱም ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ ለአብዛኛው ዐዋቂ ሰው የልደት ወረቀቱ በተወለደ ጊዜ የተጻፈ ሳይኾን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በሰው ምስክርነት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን በሰጠችው የክርስትና ምስክር ተደግፎ የተጻፈ ነው። የካህናት ብዕር በዚህ ነገር ላይ ያለው ኀላፊነት ከዚህ የተነሣ ከባድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። በመዝገቡ የጥምቀቱ ቀን ብቻ ተጽፎ የልደቱ ቀን የቀረ እንደ ኾነ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ያንኑ ቀን የልደት ቀን አድርጎ ይገለብጠዋል፤ የልጁም ዕድሜ በ40 ወይም በ80 ቀን ይጐድላል። በትምህርት ቤት መዝገብ እውነተኛው ቀን ሲገኝ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስሙም እንዲሁ ነው። ካህናት የሚጽፉት የክርስትናውን ስም ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ግን እናት አባት ያወጡለትን ነው። ወልደ ማርያምና ወለተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ለአገሩ ሰው ምንም የሚያጠራጥር ነገር የላቸውም፤ ከሩቅ አገር የመጣው መርማሪ ግን የሁለት ሰዎች ወረቀት ቀረበልኝ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በዘመን አቈጣጠርም የሚደርሰው ስሕተት ብዙ ነው። አንዳንድ ተርጓሚ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7 ደምሮ ይጨርሳል። ይህ ልክ የሚኾነው ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ፣ ማለት በታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደመረው 8 ነው። በታኅሣሥ 25 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 2004 ዓመት ተወለደ ተብሎ ሊጻፍለት ሲገባ፣ 7 ብቻ የደመረው ጸሐፊ አንድ ዓመት ያስረጀዋል። ደግሞም መስከረም 1 ቀን ዘወትር ሴፕቴምበር 11 ቀን የሚመስለው ሰው አለ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትኾናለችና የሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ እስከ የካቲት ድረስም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይበልጣል። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሊቃውንት 5500ን ከ1995 ጋር ደምረው በ4 ቢገድፉት 3 እንደሚተርፍ፣ ይኸውም ሉቃስ እንደ ኾነ ያውቃሉ። ይህን የመሰለ ዕውቀት በአገሩ ሞልቶ ሳለ፣ የቀን ልወጣ በግምት የሚሠራ መኾኑ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ ሌላ የአያት ስም የሚያመጣው ክርክር አለ። በኢትዮጵያ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ፈረንጆች ሦስተኛውን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጥሩት፣ የአባቱ ሦስተኛ ስም ከልጁ ሦስተኛ ስም ሲለይ ልጅነቱን ይጠራጠራሉ። ይህን ተርጓሚው በግርጌ በሁለት መስመር ቢገልጸው የብዙ ወር ምልልስ ይቀር ነበር። ጸሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ መልክ፣ በሌላው በሌላ መልክ መጻፉም ከዚሁ የሚቈጠር ነው፤ የፓስፖርቱን ፊደል ተከትሎ መጻፍ ምንም ድካም የለውም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ባለማወቅ ወይም በቸልታ የሚደረግ ነው። ዐውቆ የሚጻፈው ሐሰት ግን ከዚህ ይከፋል። አንዳንዱ ሹም ገንዘብ ተቀብሎ ይጽፈዋል፤ ስለ እርሱ ሕጉ ይናገራል። ሌላው ግን አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል፣ ለድኻ ማዘን መስሎት ይጽፈዋል። ያልተጋባውን ተጋብቷል፣ የወንድሙን ልጅ የአብራኩ ክፋይ ነው ይላል። ሰውየው ሲጠየቅ ነገሩ ይፈርሳል። ሐሰተኛ ወረቀት ያቀረበ ሰው በካናዳ ሕግ 5 ዓመት፣ በታላቋ ብሪታንያ ደንብ 10 ዓመት ይከለከላል፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ በልዩ ፈቃድ ካልተፈታ በቀር ክልከላው የዕድሜ ልክ ነው። በእውነተኛ ወረቀት ሊሄድ ይችል የነበረው ሰው በታዘነለት ሐሰት በሩ ይዘጋበታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላት ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የምትላከው ልጅ ነገር ነው። ደላላው ዕድሜዋን አስጨምሮ ካስጻፈ በኋላ፣ በዚያ አገር ሕፃን ናት ብሎ የሚከራከርላት ቢገኝ እንኳ፣ ያገሯ ማኅተም ራሱ ይመሰክርባታል።

«ወጣቱ አገሩን ጥሎ እንዲሄድ ወረቀት ማሳመር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አይጠፉም። ቅሬታቸው ከአገር ፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን ማዘግየት ወይም ማበላሸት ልብን አይመልስም፤ ሄያጁን ወደ ደላላ እጅና ወደ በረሓ መንገድ ይገፋዋል እንጂ። ያም ቢቀር፣ ያው የልደት ወረቀት ለሚቀመጠውም ሰው በውርስ ክርክር፣ በጡረታ፣ በትምህርት ቤት መግቢያ የሚፈለግ ነው።

ለዚህ ሁሉ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያሻም። የየአጥቢያው የክርስትና መዝገብ ከጥምቀቱ ቀን ጐን የልደቱን ቀን፣ ከክርስትናው ስም ጐን የዓለሙን ስም የሚይዝ ዐምድ ቢጨመርለት፣ የቀበሌውም ጸሐፊ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት የጻፈውን ለባለጉዳዩ ጮኽ ብሎ ቢያነብለት፣ ያ ሰው ስሙንና የተወለደበትን ቀን ከማንም ይልቅ ያውቃልና ስሕተቱን በዚያው ሰዓት ያርመዋል።