ፀጉር ምስክር አይሆንም

ታላቅ እህቴ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሯ ረገፈ። እኛ ስንተክዝ እሷ ሻሿን እያሰረች፣ «ተዉት፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው» አለችን። ተጽናናን።

ከእሷ ጋር ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ግን ፀጉራቸው ብዙም አልረገፈም። «የእኔስ አልያዘልኝም መሰለኝ፤ ልተወው ይሆን?» ሲሉ ሰማኋቸው። ደነገጥኩ።

ማታ ኬሚስትሪ ለምታጠናው ለእህቴ ልጅ ነገርኳት።

«አክስቴ፣ ፀጉር ምስክር አይሆንም» አለችኝ። «ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ይመታል። የፀጉር ሥርም እንደዚያ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል። ጉዳቱ ግን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል።»

«ታዲያ መሥራቱ በምን ይታወቃል?»

«ሐኪሞች ዕጢውን በምርመራና በምስል ይከታተላሉ። ዕጢ እስኪቀንስ ግን ጊዜ ይወስዳል። ተመራማሪዎች ቀደም ብሎ የሚታይ ምልክት ይፈልጋሉ፤ አንዱ መንገድ ኢንፍራሬድ ነው።»

የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳች። ከእሱ የሚወጣው ዓይን የማያየው ብርሃን ኢንፍራሬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሼል በእንግሊዝ አገር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨመረ። እንዲህ ተገኘ።

በሕዋስ ውስጥ ያሉት ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ከዚህ ብርሃን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይውጣሉ። ብርሃኑ በሕዋሱ አልፎ ሲወጣ የጎደለው ይለካል። ከመሶቡ የጎደለውን አይቶ ማን እንደበላ እንደማወቅ ነው። ለምሳሌ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። መድኃኒት የቀመሱትና ያልቀመሱት የካንሰር ሕዋሳት ጎን ለጎን ሲለኩ፣ በተመታው ሕዋስ ውስጥ የስቡ፣ የፕሮቲኑና የዲኤንኤው ልክ ሲለወጥ ይታያል። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም።

«ታዲያ እህቴን ለምን በዚህ አያዩልንም?»

«ገና የላቦራቶሪ ምርምር ነው፣ አክስቴ። ውኃ ራሱ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ስለሚውጥ በሕይወት ያለን ሕዋስ መለካት ያስቸግራል። በሳህን ላይ ያለ ሕዋስም እንደ ሰው አይደለም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ እኚያን እናት ፈልጌ የሰማሁትን ነገርኳቸው፤ ሐኪማቸውንም አብረን ጠየቅን። የእሳቸው መድኃኒት ፀጉርን እምብዛም የማይነካ ኖሯል። ዕጢያቸው በአልትራሳውንድ የሚታይበትን ቀንም ነገሯቸው። ሕክምናቸውን አላቋረጡም።

ወላጆች፣ አያቶች፣ መድኃኒትን በሥቃይ አትመዝኑት። «መቼ፣ በምን ምርመራ ይታያል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በኬሞቴራፒ ወቅት ትኩሳት ከመጣ ግን ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ሻሿን ነካ አድርጋ ሳቀች። «እንግዲያ በከንቱ ነዋ የሸኘሁት!»