«ለቀድሞ ወታደሮች ተስማሚ» የሚለውን ማኅተም የለጠፈው ማን ነው?

በአሜሪካ ጦር አራት አምስት ዓመት አገልግሎ የወጣ ኢትዮጵያዊ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ማግኘት ከባድ አይደለም። ከእነዚህ መካከል አማርኛ ራሱ በር የከፈተላቸው አሉ። የአሜሪካ መከላከያ «ማቭኒ» በተባለው ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን በቋንቋቸው ሲመለምል (ፕሮግራሙ በ2016 በሩን ዘጋ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ዩኒፎርሙን ያወለቀ ሰው «በስለላና በመረጃ ትንተና ማስተርስ ልያዝ» ብሎ ሲነሳ ግን ከትምህርት ቤቱ በፊት የሚያገኘው ማስታወቂያውን ነው።

ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ለቀድሞ ወታደሮች ተስማሚ»። ባንዲራ አለበት፣ ሰላምታ የሚሰጥ ወታደር አለበት። ይህን ማኅተም የሚሰጥ የፌዴራል መንግሥት አካል የለም። አብዛኛውን ጊዜ የግል ድርጅቶችና መጽሔቶች ናቸው የሚያድሉት። በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቪክቶሪ ሚዲያ የተባለውን፣ «ሚሊተሪ ፍሬንድሊ» የሚል ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት ከሰሰ። ክሱ ድርጅቱ ለወታደሮች ትምህርት ቤት ያማርጣል በተባለ የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ የሚያቀርበው ገንዘብ የከፈሉትን ትምህርት ቤቶች ነው፣ ይህንንም በግልጽ አልተናገረም የሚል ነበር። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ2012 «ጂአይ ቢል» የሚለውን የሕጉን ስም አድራሻው አድርጎ ይሠራ የነበረ አንድ የንግድ ድረ ገጽ በ20 ክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ግፊት ለመንግሥት ተላልፏል። የመንግሥት የመሰለው ገጽ ወታደሩን የሚመራው ለትርፍ ወደተቋቋሙ ኮሌጆች ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወታደሩ ይህን ያህል የሚታደነው ለምንድን ነው? መልሱ ሒሳብ ውስጥ አለ። ለትርፍ የተቋቋመ ኮሌጅ ከገቢው ከ90 በመቶ በላይ ከፌዴራል የተማሪዎች ዕርዳታ ማግኘት አይፈቀድለትም፤ ቀሪው 10 ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ለረጅም ዓመታት የወታደሩ የትምህርት ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና እየወጣም በሕጉ አቆጣጠር እንደ «ሌላ ቦታ» ይታይ ነበር። ስለዚህ አንድ የቀድሞ ወታደር ያስመዘገበ ኮሌጅ በእርሱ አንድ ዶላር ሌላ ዘጠኝ የመንግሥት ዶላር መሰብሰብ ይችል ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው በ2021 በወጣ ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው። ቀዳዳው ተደፈነ፤ የማስታወቂያው ልማድ ግን አብሮ አልጠፋም።

አደጋ ላይ ያለው ቀላል ነገር አይደለም። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የድኅረ መስከረም 11 ጂአይ ቢል ለአንድ ወታደር የሚሰጠው 36 ወር ነው። ሁለት የአገልግሎት ዘመን ያለው ሰው ከሌላው የጂአይ ቢል ዓይነት ጋር ደምሮ እስከ 48 ወር ሊያገኝ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ወስኗል፤ አብዛኛው ሰው ግን 36ቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ወሩ ካለቀ አለቀ። ኢቲቲ ቴክ የተባለው ለትርፍ የተቋቋመ ኮሌጅ በመስከረም 2016 በድንገት ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮች ሜዳ ላይ ቀሩ። የተበላባቸውን ወራት እንዲመልስላቸው ኮንግረስ በማግስቱ ዓመት ሕግ ማውጣት ነበረበት።

እንግዲህ ተስማሚነት የሚለካው በማኅተም ሳይሆን በገንዘቡ አሠራር ነው። ሙሉ መብት ያለው ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለነዋሪ የሚጠየቀው ክፍያ በሙሉ ይሸፈንለታል። በግል ዩኒቨርሲቲ ግን የዓመት ጣሪያ አለ፤ ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 30 ሺህ ዶላር አይሞላም። የጆርጅታውን የደኅንነት ጥናት ማስተርስ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ልዩነቱን የሚሸፍነው «የሎው ሪበን» የተባለው ስምምነት ሲሆን ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ያህል መንግሥት ይጨምርበታል። ትምህርት ቤቱ ምን ያህል፣ ለስንት ሰውና ለየትኛው ፋኩልቲ እንደሚሰጥ ግን በየቦታው ይለያያል። አንዱ ያለ ገደብ ይሰጣል፣ ሌላው ለጥቂት ሰው ቁራጭ ጥሎ «ተሳታፊ ነን» ይላል።

የቤት ኪራይ አበሉም አለ። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚወስድ ሰው በ2025/26 የትምህርት ዘመን የሚያገኘው በወር ከ1,200 ዶላር ያነሰ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ቢያንስ አንድ ኮርስ በአካል እየተገኘ የሚማር ግን ከእጥፍ በላይ ይከፈለዋል። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ልዩነት የማስተርሱን ዕጣ ይወስናል። የኦንላይን ፕሮግራም ሻጮች ይህን ሲናገሩ እምብዛም አይሰሙም።

ትምህርት ቤቶቹን በስም ማየት ይጠቅማል። በፔንስልቬንያ ኢሪ ከተማ ያለው መርሲኸርስት በ1992 አንድ የቀድሞ የኤፍቢአይ ሰው የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ ተማሪን ጽሑፍ እያስጻፈ ያሠለጥናል ተብሎ በሙያው ይከበራል። አሜሪካን ሚሊተሪ ዩኒቨርሲቲ ኦንላይን ነው፣ ለትርፍ የተቋቋመ ነው፣ ዕውቅናም አለው። ገና በጦሩ ውስጥ ላለ፣ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ሰው ይመች ይሆናል፤ ከወጣ በኋላ አርሊንግተን ለሚኖር ሰው ግን የመንግሥት የሆነውን ጆርጅ ሜሰንን ባቡር ማቆሚያ አጠገቡ ትቶ እዚያ መግባት አይገባም። የብሔራዊ ስለላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስሙ ቢያጓጓም የከፍተኛ ምስጢር ፈቃድ ላላቸው ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ነው። እርሱም ቢሆን በነሐሴ 2025 ከብሔራዊ መከላከያ ዩኒቨርሲቲ ጋር እንደሚቀላቀል ተነግሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሊራንሱ ላይ ነው። ማንም ትምህርት ቤት ክሊራንስ አይሰጥም። ወታደሩ ይዞት የወጣው ፈቃድ ከሥራ ውጭ ሁለት ዓመት ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይላል። የሙሉ ጊዜ ማስተርስም የሚወስደው ያንኑ ሁለት ዓመት ነው። ዲግሪውን ሲይዝ ከዲግሪው የሚበልጠውን ነገር ያጣል ማለት ነው። መውጫው ክሊራንስ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ሆኖ ማታ መማር፣ ወይም በተጠባባቂው ጦር ውስጥ መቆየት ነው። ለሐበሻው ሌላም ነገር አለ። የማመልከቻ ፎርሙ ውጭ አገር ያሉ ወላጆችንና ወንድም እህቶችን፣ ለውጭ ዜጋ የተደረገ የገንዘብ ድጋፍንም ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለች እናትና በየወሩ የሚላክላት ብር ብቻቸውን አያስከለክሉም። መደበቃቸው ግን ያስከለክላል።

ዲግሪው ራሱስ? በጦሩ ውስጥ መረጃ ሲተነትን የኖረ ሰው ሁለት ዓመት ስለ መረጃ ትንተና ቢማር ያወቀውን ነው የሚደግመው። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር የቀድሞ ወታደር ኢኮኖሚክስ፣ ዳታ ወይም የቀይ ባሕርን ፖለቲካ ቢያጠና የበለጠ ይፈለጋል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ እየተቆጠረ ነው እንጂ ቋንቋውን ሌላው በገንዘብ አያገኘውም። በተለይ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ቢሮ በነሐሴ 2025 ሠራተኞቹን ከ40 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ካሳወቀ ወዲህ፣ በስሙ ብቻ «ስለላ» የሚል ዲግሪ ከመንግሥት ውጭ ጠባብ ነው።

ይህም ሆኖ ስለላውን ልማር ያለ ሰው መጀመሪያ መደወል ያለበት ለቅበላ ክፍሉ ሳይሆን በየዩኒቨርሲቲው የወታደሮችን ጥቅማ ጥቅም ለመንግሥት ለሚያረጋግጠው ሠራተኛ ነው። ስንት የሎው ሪበን ቦታ አለ? ስንት ቀርቷል? ካለፉት ተመራቂዎች የት የት ተቀጠሩ? የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በነጻ ያስቀመጠው ማነጻጸሪያም የየትምህርት ቤቱን ክፍያና የቀረበበትን ቅሬታ ብዛት ያሳያል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሎው ሪበን ቦታ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ነውና፣ ለመጪው መስከረም ያሰበ ሰው ስልኩን የሚያነሳው በበጋ ሳይሆን በክረምቱ ብርድ ነው።