ማጣቀሻ ጌጥ ነው ወይስ አድራሻ?

ሰኔ ሲቃረብ በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ ያጣሉ። መመረቂያ ጽሑፍ ይተየባል፣ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ከሚጠረዙት ገጾች መካከል ግን ማንም ገልጦ የማያያቸው አሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት የማጣቀሻ ገጾች። አማካሪው መኖራቸውን ያያል፣ ፈታኙ ብዛታቸውን ይገምታል፣ ተማሪው ደግሞ ቁጥሩ እንዲሞላ ይጨነቃል። «ስንት ሬፈረንስ አለህ?» የሚለው ጥያቄ «የትኛውን አነበብከው?» የሚለውን ከሥራ አስወጥቶታል።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ማጣቀሻ ጌጥ አይደለም፤ አድራሻ ነው። «ይህን ነገር ያገኘሁት እዚህ ቤት ነው፤ ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ አንኳኩ» ማለት ነው። አድራሻ የሚመዘነው በአጻጻፉ ማማር ሳይሆን፣ የተላከው ሰው ቤቱን አግኝቶ በመመለሱ ነው።

ቤት የሌላቸው አድራሻዎች

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኤልሴቪየር የተባለው ትልቅ የጆርናል አሳታሚ ለጸሐፊዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ፣ ማጣቀሻ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ብቻ አንድ የፈጠራ ጽሑፍ በምሳሌነት አስቀምጦ ነበር። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ታትሞ አያውቅም። ሆኖም አን-ዊል ሃርዚንግ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2017 እንደጻፉት፣ ይህ የሌለ ጽሑፍ ወደ 400 በሚጠጉ ኅትመቶች ውስጥ ተጠቅሶ ተገኝቷል።

ሲምኪንና ሮይቾውድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የማጣቀሻ ስሕተቶችን ዱካ ተከተሉ። አንድ ሰው የገጽ ቁጥር ሲሳሳት ያው ስሕተት በሌሎች ጽሑፎች ላይም ይደጋገማል። ይህ የሚሆነው ተከታዮቹ ዋናውን ጽሑፍ ሳይገልጡ ከቀዳሚው ዝርዝር ላይ ስለሚገለብጡ ነው። ከዚህ ተነሥተው ዋናውን አንብቦ የሚጠቅሰው ሰው 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው ብለው ገመቱ።

አሁን ደግሞ መገልበጥም ሳያስፈልግ አድራሻ የሚፈጥር ማሽን መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ በእውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ነገሩ ተጋልጦ እነሱና ቢሯቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። የተጋለጠው የተጠቀሱት ውሳኔዎች ተፈልገው ስለጠፉ ነው። እኛ ጋ ማን ይፈልጋል?

ያልተንኳኳው በር

«ጆርናል የሚሸጠው በዶላር ነው፣ እኛ ከየት እናመጣዋለን?» የሚል መልስ እንሰማለን። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። በርግጥ ብዙ ጽሑፎች ከክፍያ ግድግዳ ጀርባ ናቸው። ግን ለእኛ ዓይነት አገሮች ተብሎ የተከፈተ በርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ጀመረ። በ2003 ለግብርና አጎራ፣ በ2006 ለአካባቢ ጥበቃ ኦአሬ ተከተሉ። ዛሬ እነዚህ በአንድ ላይ ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላሉ፤ ኢትዮጵያም በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፤ የይለፍ ቃሉ የሚገኘውም ከቤተ መጻሕፍቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ደግሞ የእኛኑ አገር ጆርናሎች ጭምር ይዟል፤ «የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል» አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተመው ጆርናል በጄስቶር ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ጥያቄው «አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። ስንት ተማሪ ነው የኮሌጁን የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ጠይቆ የሚያውቀው? ስንት ኮሌጅስ ነው ሳይጠየቅ የሚናገረው?

ፍለጋም ሙያ ነው

በሩ ተከፈተ እንበል። ስለ ጤፍ ምርት የሚያጠና ተማሪ ሙሉ ጥያቄውን እንደ ደብዳቤ ጽፎ ያስገባና «ምንም የለም» ብሎ ይወጣል። ዳታቤዙ ግን የሚፈልገው ቃል ነው። ጤፍ በእንግሊዝኛ በአንድ «ኤፍ»ም በሁለት «ኤፍ»ም ይጻፋል፤ የሳይንስ ስሙ ደግሞ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ነው። ሦስቱን «ኦር» በሚለው ቃል አያይዞ፣ «ምርት» የሚለውን በ«ኤንድ» ጨምሮ የሚፈልግ ሰው፣ በአንዱ ብቻ ከፈለገው ብዙ የበለጠ ያገኛል። ጎንደርም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በ«ኤ» ሌላው በ«ኢ» ይጽፋታል። ኃይለ ሥላሴን በአንድ «ኤል» ብቻ የፈለገ በሁለት «ኤል» የተጻፈው ሊያልፈው ይችላል። የእኛን ነገር በላቲን ፊደል መጻፍ አንድ ወጥ ስላልሆነ፣ ይህን ማወቅ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እኛን ነው።

ጽሑፉ ሲገኝም ሥራው አላለቀም። ከዳታቤዙ የሚገለበጠው ረጅም ሊንክ ብዙ ጊዜ ለገባው ሰው ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ መንገድ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሲነካው አይከፈትም። ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው ቋሚ መለያ ቁጥር ያለው ይህን ለማስቀረት ነው። ጽሑፉ ቁጥሩ ካለው እሱን መጻፍ ይሻላል።

ዘውዴ ማን ነው?

ዳታቤዞች «ጥቀስ» የሚል ቁልፍ አላቸው፤ ሲጫኑት ማጣቀሻውን አዘጋጅቶ ይሰጣል። ቁልፉ ግን የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.»፣ ታደሰ ታምራትን «ታምራት፣ ታ.» ያደርጋቸዋል። «ዘመናዊ ኢትዮጵያ» ላይ የጻፉት አቶ ዘውዴ አይደሉም፤ ልጃቸው ባሕሩ ናቸው። እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሕዝብ አይደለንም። አንዱ ጽሑፍ «ባሕሩ»፣ ሌላው «ዘውዴ» ሲል ደግሞ አንድ ምሁር ሁለት ሰው ይሆንና ሥራው ይበታተናል። ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ቅጾች የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። ውጭ አገር የታተመ መጽሐፍ ያከበረውን ስም እዚሁ የሚጻፍ ጽሑፍ ለማሽን አሳልፎ መስጠቱ አያስኬድም።

ዘመኑም ያው ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ጥናት ላይ «1958» ተብሎ ብቻ ከተተወ፣ አንባቢው መጽሐፉ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በፊት እንደወጣ ያስባል፤ እውነቱ ግን የወጣው ከግርግሩ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አንዲት «ዓ.ም.» መዝለል አንድን የታሪክ ክርክር በጭንቅላቱ ልታቆመው ትችላለች።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ለወረፋው አይበቃም። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን እጥረት ሲኖር መፍትሔው ጥቂት ማንበብና ጥቂት መጥቀስ እንጂ ያላነበቡትን መደርደር አይደለም። አሥራ ሁለት የተነበቡ ጽሑፎች ከአርባ ያልተነበቡ ይበልጣሉ። ዋናው ካልተገኘም «በእገሌ ጽሑፍ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። እንዲያውም ታማኝነት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ተማሪዎች የጥናት ሐሳባቸውን ከማስገባታቸው በፊት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ዳታቤዙን ከፍቶ ያሳያቸው። ሁለተኛ፣ ትምህርት ክፍሎች የኢትዮጵያውያን ስምና ዘመን እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ገጽ መመሪያ ያውጡ፤ ተማሪው በየአማካሪው ጠባይ አይንገላታ። ሦስተኛ፣ በዲፌንስ ቀን ፈታኙ የማጣቀሻዎቹን ብዛት መቁጠሩን ትቶ ከመካከላቸው ሦስቱን ይምረጥና «ይህን ክፈትልን፣ ያልከውን ገጽ አሳየን» ይበል። የመጨረሻው አንድ ብር አያስወጣም። ወሬው እስከ ኮፒ ቤቶቹ ድረስ የሚሰማ ይመስለናል።

በሐሰት አድራሻ የሚጎዳው ተማሪው ብቻ አይደለም። የጤና ጥናት ላይ የተጻፈች አንዲት ያልታየች ቁጥር ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ዕቅድ ትሄዳለች። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ሲመጣ ግን የሚያንኳኳው በር አያገኝም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? መመረቂያ ጽሑፋችሁ መደርደሪያ ላይ ካለ፣ አውርዱትና ከማጣቀሻዎቹ አንዱን ዛሬውኑ ፈልጉት።