ክንፍ ኩረጃ አይቀበልም

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፤ «ሕዝቡ ዳቦ ሲቸግረው እናንተ በመጫወቻ አይሮፕላን ጊዜ ታጠፋላችሁ» ሲል ከሰሰን። ጭብጨባውም ደመቀ። በራዲዮ የሚመራውን አይሮፕላን የምንሠራው ሰባት ተማሪዎች በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭርና ደካማ ነበረ። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ እንመልሳለን፤ ወንድማችን ትክክል የሆነበትንም አንክድም።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ሣጥኑን የላኩልን በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። በውስጡ የመጣው አይሮፕላን ሳይሆን እንጨት ነው፤ በሌዘር የተቆረጡ የክንፍ አጥንቶች፣ ባልሳ የሚባለው ቀላል ጣውላ፣ ኮምፖርሳቶና አንድ ትልቅ ፕላን። ሥራው ሲያልቅ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ በቤንዚን ሞተር ይሄዳል። የተሠራውም ለአየር ላይ ትርኢት ነው። የክንፉ የላይና የታች ጎን ቅርጹ አንድ ስለ ሆነ በጀርባው ተገልብጦ ሲበር እንደ ወትሮው ይበራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ተሠርቶ ያለቀውም ይሸጣል፤ ገዝቶ በሁለት ቀን ገጣጥሞ ማብረር ይቻላል። ታዲያ ስለምን አጥንት በአጥንት እንለፋለን? መልሳችን በግራው ክንፍ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የግራውን ክንፍ የሠራነው ፈተና ሲቃረብ በጥድፊያ ነበር። የምንሠራበት ጠረጴዛ በአንድ ጥጉ ዝቅ ማለቱን ከመካከላችን አንዱ አይቶ ነበር፤ ግን ዝም አለ። አጥንቶቹን በወጋግራው ላይ ደረደርን፤ በኮላ አጣበቅን፤ ከላይም ከታችም በስስ ባልሳ ሸፈንን። ክንፍ እንዲህ ሲሸፈን እንደ ተዘጋ ሣጥን ይጠነክራል። ተጣሞ ከተዘጋ ግን ጥመቱም አብሮ ይጠነክራል። ከሁለት ቀን በኋላ ስንለካው ጫፉ ከሥሩ 3 ዲግሪ ያህል ዞሮ ተገኘ። እንዲህ ያለ ክንፍ የያዘ አይሮፕላን ለማረፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ባልታሰበ ጊዜ በአንድ ጎኑ ይወድቃል።

ከመካከላችን ሁለቱ፤ «የላስቲክ ልባሱ በካውያ ከተለበጠ በኋላ አይታይም» አሉ። የወርክሾፑ ባለሙያ ጋሼ ይህን ሰምተው፤ «ለሰው አይታይ ይሆናል፤ ለነፋሱስ?» አሉን። በማግሥቱ ሽፋኑን በምላጭ ከፍተን የአሥራ ሁለት ቀን ሥራ አፈረስን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በዚህ ግቢ ውስጥ የላቦራቶሪ ሪፖርት ከአምናው ተማሪ ደብተር እንደሚገለበጥ የማያውቅ ማን ነው? እኛም ገልብጠናል። መለኪያውን ሳንነካ ቁጥሩን ጽፈናል፤ ቁጥሩም ከመጽሐፉ ጋር ስለ ገጠመ ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። «የክብደት ማእከል» የሚለውን ቃል በፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጻፍነው! ነገር ግን ጅራቱ ላይ በከንቱ የጨመርናት አንዲት ግራም ኮላ አፍንጫው ላይ ሁለት ሦስት ግራም እንደምታስጨምር፤ ጅራተ ከባድ የሆነም አይሮፕላን ለመሪ እንደማይታዘዝ የገባን አይሮፕላኑን በጣቶቻችን አንሥተን ሚዛኑን ስንፈልግ ነው። አስተማሪ ይታለላል፤ ክንፍ ግን ኩረጃ አይቀበልም።

መጫወቻ ነው ለሚሉን ደግሞ ሁለት ነገር እናስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 መንትያዎቹ ወንድማማቾች ዎልተርና ዊልያም ጉድ በአሜሪካ አገር ገና ወጣቶች ሳሉ «ጉፍ» የተባለውን በራዲዮ የሚመራ ትንሽ አይሮፕላን አበረሩ። ራዲዮውንም የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሜይናርድ ሂል የተባለው አሜሪካዊ ዓይኑ በደከመበት በ77 ዓመቱ ከባልሳ የሠራው፤ 5 ኪሎ እንኳ የማይሞላ አይሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ከ38 ሰዓት በላይ በርሮ አየርላንድ ላይ አረፈ።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1935 የበረረችው «ፀሐይ» ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2024 ስትመለስ ሁላችንም አጨብጭበናል። ማጨብጨቡ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን እንጨቱን የላጉትን፣ ብረቱን የቀጠቀጡትን እጆች ያሰበ ስንት ነው? አባቶቻችን ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በላ እያሉ ሲያንቋሽሹ ኖረዋል። እኛ ይህን ስድብ በአፋችን ትተነዋል፤ በልባችን ግን ዲግሪ የያዘ ሰው እጁ በኮላ ሲቆሽሽ እናፍርበታለን። ጋሼን «ቴክኒሻን» ብለን አልፈን እንሄዳለን፤ ምላጭ እንዴት እንደሚሳል ግን ከእሳቸው በቀር ያስተማረን የለም።

ወንድማችን ትክክል የሆነበት ነገር ይህ ነው፤ አይሮፕላኑ ለማንም ዳቦ አይጋግርም። ሣጥኑ ስጦታ ቢሆንም ኮላውና ቤንዚኑ ከኪሳችን ነው፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ጓደኛችን እንዲርቀን አድርገናል። ከሰባታችን እኅት አንዲት ብቻ መሆኗም ያሳፍረናል። ይህን ነቀፋ እንቀበላለን። ነገር ግን እንጠይቀው፤ የገጠሩ ወፍጮ ሲሰበር ዘንጉ መጣመሙን በክር ለክቶ የሚያውቅ መሐንዲስ ከየት ይመጣል? የተኮረጀ ሪፖርት አቅርቦ ከተመረቀው ነውን? ዳቦውን የሚያስገኘው እጅ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ፤ አፍርሶ፤ እንደገና መሥራትን መማር አለበት።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፤ ማታ በ11 ሰዓት የሚቆለፈው ወርክሾፕ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ለተማሪ ሁሉ ይከፈት ዘንድ አስተዳደሩን ይጠይቅልን። ሁለተኛ፤ ስለ ሪፖርት ኩረጃ በግልጽ የምንነጋገርበት ስብሰባ ይጥራ፤ የጀመርነውን ኑዛዜ እኛው እንቀጥላለን። ሦስተኛ፤ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ገቢዎች፤ በተለይ እኅቶች፤ ያለ መዋጮ የሚገቡበት ቦታ እንዲኖር ይርዳን።

በእኛ በኩል ደግሞ አንድ ቃል እንገባለን። 8 ኪሎ ክብደትና የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያለው ዕቃ ሰው ይገድላል። የሚመለከተው ባለሥልጣን ሳይፈቅድ፤ ማብረር የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ሳይቆም፤ ራዲዮው ሲቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቀንስ መደረጉ ሳይፈተሽ ከመሬት አናነሣውም። ለምረቃ በዓል እንዲደርስ የሚጎተጉቱን ሁሉ ይህን ይወቁልን፤ ለበዓል ብለን አንድ ጊዜ ተጣድፈን ያገኘነው ጠማማ ክንፍ ይበቃናል።

የከሰሰን ወንድማችንም ይምጣ። አዲሱ የግራ ክንፍ ገና አልተሸፈነም። ማስመሪያ እንሰጠዋለን፤ ጥመት ካገኘበት እናፈርሰዋለን።